ሴል እንደ ቆርቆሮ አይዝግም፦ ስለ አንቲኦክሲዳንቶች ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ሴሎችዎ እየዛጉ ነው» የሚል ርዕስ የተሰጠው ጽሑፍ በሦስት ቀን ውስጥ ከአራት ሰዎች ደረሰኝ። ሁለቱ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ደንበኞች ናቸው፤ ሦስተኛዋ አክስቴ ስትሆን አራተኛው አብሮኝ ፋርማሲ የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ እሱ የላከልኝ «አንብበኸዋል? ምኑ ላይ ነው የሚሳሳተው?» ከሚል ጥያቄ ጋር ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጽሑፉ ከተለመደው «ይህን ጠጡ፣ ያንን ተዉ» ወሬ ይሻላልና። ጸሐፊው ስሙን አልገለጸም እንጂ አንባቢ መሆኑ ያስታውቃል፤ አማርኛውም ያማረ ነው። ችግሩ ከትክክለኛ መነሻ ተነሥቶ መነሻው ወደማይወስድበት ቦታ መድረሱ ነው።

ክርክሩን ጸሐፊው ራሱ ቢያነበው «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እንዲል አድርጌ ላስቀምጠው። ሰውነታችን ኦክስጅን በተጠቀመ ቁጥር ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የያዙና ያገኙትን የሚነጥቁ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ እነዚህ መርዞች የሕዋሳችንን ሽፋን እንደ ቆርቆሮ ያዝጉታል፤ እርጅና፣ የልብ ሕመምና ካንሰርም የዚህ ዝገት ውጤቶች ናቸው። ራዲካሎችን የሚያከሽፉት አንቲኦክሲዳንቶች ደግሞ በቆርቆሮ ላይ እንደሚቀባ ቀለም ሽፋኑን ስለሚለብጡት፣ ቀለሙ በወፈረ መጠን ጥበቃው ይጠነክራል። ቀጥሎ የሽፈራው፣ የእርድና የጥቁር አዝሙድ ዱቄት በላቦራቶሪ ሲለካ ከሎሚና ከብርቱካን በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያቀርባል፤ የኑግ ዘይትም ቶሎ ስለሚበላሽ ከቤት እንዲወጣ ይመክራል። በመጨረሻ በየቀኑ 400 አይዩ (አይዩ የቫይታሚን መጠን መለኪያ ነው) የቫይታሚን ኢ እንክብል መውሰድ ከልብ ሕመምና ከካንሰር እንደሚጠብቅ፣ ነገሩ ተፈጥሯዊ በመሆኑም ቢበዛ ጉዳት እንደሌለው ያረጋግጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ«መርዙ» ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ፍሪ ራዲካል ከልክ ሲያልፍ ጉዳት ማድረሱ አያከራክርም፤ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴንሃም ሃርማን እርጅናን ከዚህ ጋር ያያያዘበትን መላ ምት በ1956 ካሳተመ ወዲህም ጉዳዩ ብዙ ተጠንቷል። ነገር ግን ሰውነት አስቦበት የሚያመርተውን ነገር መርዝ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያ ሲውጡ ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ራዲካል ሆን ብለው ያመነጫሉ፤ ይህን የሚሠራው ኢንዛይም በዘር ተበላሽቶ የተወለዱ ሕፃናት በባክቴሪያና በፈንገስ በተደጋጋሚ ይጠቃሉ። የታይሮይድ ዕጢም ሆርሞኑን ለመሥራት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያስፈልገዋል። በ2009 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት ደግሞ ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ4 ሳምንት ስፖርት ሲያሠራ፣ ለከፊሎቹ በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ እና 400 አይዩ ቫይታሚን ኢ ሰጣቸው፤ ስፖርቱ ሰውነት ለኢንሱሊን ያለውን ምላሽ ያሻሻለው ቫይታሚኑን ባልወሰዱት ላይ ብቻ ነበር። ጡንቻ ሲሠራ የሚፈጠረው ጥቂት ራዲካል ሰውነት ራሱን እንዲያጠናክር የሚነግረው መልእክት ነው፤ እንክብሉ መልእክቱን አፈነው ማለት ነው።

የጽሑፉ ምሰሶ ግን የቀለሙ ምሳሌ ስለሆነ በእሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። የሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሁለት ረድፍ የስብ ሞለኪውሎች ጭራ ለጭራ ተገናኝተው የተሠራ ሲሆን፣ ውሃ የሚወደው ራሳቸው ወደ ውጭ፣ ውሃ የሚሸሸው የፋቲ አሲድ ጭራቸው ወደ መሐል ይዞራል። ቆርቆሮ ጠጣር ነው፤ ይህ ግን ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን እየተንሸራተቱ ቦታ የሚለዋወጡበት፣ እንደ ዘይት የሚፈስ ነገር ነው። ከጭራዎቹ ብዙዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ድርብ ትስስር አላቸው፤ ሽፋኑን ልስልስ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ለጥቃት የሚያጋልጠውም ይኸው ነው። በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል ካለው ካርቦን ጋር የተያያዘው ሃይድሮጅን አያያዙ ልል ስለሆነ ራዲካል በቀላሉ ይነጥቀዋል። የተነጠቀው ጭራ ራሱ ራዲካል ይሆናል፤ ኦክስጅን ከውሃ ይልቅ በስብ ውስጥ በደንብ ስለሚሟሟ ከአጠገቡ አይታጣም፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ፐርኦክሲል ራዲካል ይፈጠራል፤ ይህም ዞሮ የጎረቤቱን ጭራ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ጎረቤቱም የራሱን ጎረቤት። በቆርቆሮ ላይ የሚዝገው ውሃ ያረፈበት ቦታ ነው፤ እዚህ የሚሆነው ግን አንድ የሣር ጎጆ ሲቃጠል እሳቱ ከክዳን ወደ ክዳን እንደሚዘለው ነው።

ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ወጥ ቤቱ ይበቃዋል። ከምድጃው አጠገብ፣ ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም የሰነበተን የኑግ ዘይት ጠርሙስ አንሡና አፉን በጣታችሁ ንኩት፤ የሚያጣብቅ፣ እንደ ሙጫ የደረቀ ቢጫ ነገር ታገኛላችሁ፤ ሽታውም ከለጋው ዘይት የተለየ፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ በጠርሙሱ አፍ ላይ የተካሄደውም በሕዋስ ሽፋን ውስጥ የሚካሄደው ያው ሰንሰለት ነው። ሽታው ሰንሰለቱ ካለቀ በኋላ ጭራዎቹ ተሰባብረው ከሚወጡት አልዲሃይድ ከሚባሉ ውሁዶች ይመጣል። በሕዋስ ውስጥ እነዚሁ ስብርባሪዎች ፕሮቲኖች ላይ ተለጥፈው ሥራቸውን ያበላሻሉ፤ ኦክስጅን የገባበት ጭራ ደግሞ ውሃ ወዳድ ሆኖ ከመሐል ወደ ላይ ስለሚታጠፍ የሽፋኑ አደራደር ይላላል፤ ማለፍ የማይገባው ነገር ማለፍ ይጀምራል። ጸሐፊው ሽፋኑ ይጎዳል ማለቱ እንግዲህ ትክክል ነው።

ጥበቃውስ እንዴት ይሠራል? በ1922 በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ፣ ኸርበርት ኤቫንስና ካትሪን ቢሾፕ ለአይጦች መራባት የሚያስፈልግ የምግብ ክፍል ብለው ያገኙት ቫይታሚን ኢ፣ ራሱ (አናቱ) ቀለበት፣ ጭራው ረጅም የሆነ ሞለኪውል ነው። ጭራው በሽፋኑ ስብ ውስጥ ይሰምጣል፤ ራሱ ከሽፋኑ ወለል አጠገብ ይቀመጣል፤ በራሱ ላይ ያለውን ሃይድሮጅን ለፐርኦክሲል ራዲካሉ አሳልፎ ይሰጣል። ፐርኦክሲል ራዲካል ከቫይታሚን ኢ ጋር የሚገናኝበት ፍጥነት ከጎረቤት ጭራ ጋር ከሚገናኝበት በሺህ እጥፍ ገደማ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ለሺህ የስብ ሞለኪውል አንድ ያህል ቫይታሚን ኢ እንኳ ቢኖር ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል። የቀለሙ ምሳሌ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ከሺህ አንድ የሆነ ነገር ምንም አይለብጥም። እንዲያውም ቫይታሚን ኢ የመጀመሪያው ጭራ እንዳይነጠቅ አይከላከልም። ሃይድሮክሲል የተባለው ኃይለኛ ራዲካል ከተፈጠረ በመጀመሪያ ያገኘውን ሞለኪውል ስለሚመታ ማንም አይቀድመውም። የቫይታሚን ኢ ሥራ አንደኛው ጎጆ ከተያያዘ በኋላ እሳቱ ወደ ቀጣዩ እንዳይዘል ማድረግ ነው።

ሃይድሮጅኑን የሰጠው ቫይታሚን ኢ ደግሞ እንደ ነበረ አይቀርም፤ ራሱ ደካማ ራዲካል ይሆናል። ከሽፋኑ ውጭ ባለው ውሃ ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ሲ ኤሌክትሮን አቀብሎ ወደ ሥራው ይመልሰዋል፤ ቫይታሚን ሲን በተራው ግሉታታዮንና ኢንዛይሞች ይመልሱታል፤ የእነዚህ ኃይል ደግሞ ከምንበላው ምግብ የሚመጣ ነው። ነገሩ ቅብብሎሽ ነው። በቅብብሎሽ ውስጥ አንዱን ተቀባይ አሥር እጥፍ ማብዛት፣ ቀጣዩ ካልመጣ ምን ይፈይዳል? በ1990ዎቹ የተደረጉ የላቦራቶሪ ጥናቶች በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን በሚያጓጉዘው የኤልዲኤል ቅንጣት ላይ፣ የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ በሌለበት ጊዜ፣ ተራውን የሚረከበው ያጣው ቫይታሚን ኢ ራሱ የስቡን ኦክሲዴሽን ሊያስቀጥል እንደሚችል አሳይተዋል። ተረኛ ያልመጣለት ዘበኛ በሩን ራሱ የከፈተው ይመስላል። ጉበትም ቢሆን ያለ ልክ አይቀበልም፤ ቫይታሚን ኢን መርጦ ወደ ደም የሚያስገባ ፕሮቲን ስላለው፣ የተረፈው ተሰባብሮ ይወገዳል፤ የሚዋጠው መጠን ምንም ያህል ቢያድግ በደም ውስጥ ያለው ከሁለትና ከሦስት እጥፍ በላይ እምብዛም አይጨምርም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልጠቀሰው ሌላ ጠባቂም አለ። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ በኋላ በሽፋኑ ላይ የሚቀረው ኦክስጅን የተሸከመ ጭራ፣ ብረት ካገኘው እንደገና ሰንሰለት የሚለኩስ ነው። ይህን ወደማይጎዳ አልኮል የሚለውጠው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ 4 የተባለው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ የጠፋባቸው የአይጥ ጽንሶች ሳይወለዱ ይሞታሉ፤ የሽፋን ስብ በዚህ መንገድ ተበላሽቶ የሚደርሰው የሕዋስ ሞትም በ2012 ፌሮፕቶሲስ የሚል የራሱ ስም ተሰጥቶታል። ኢንዛይሙ ያለ ሴሊኒየም አይሠራም፤ ሴሊኒየም ደግሞ ከአፈር ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ሰው የሚሻገር ማዕድን ነው። በ2020 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት የሴሊኒየም እጥረት በኢትዮጵያ የተስፋፋና ከቦታ ቦታ እጅግ የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዝቅተኛ፣ በአፋር ግን ከፍተኛ ነው። ስለ ሕዋስ ሽፋን ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከውጭ ስለሚመጣ እንክብል ይህን ያህል ጽፎ፣ ከእግራችን ሥር ስላለው አፈር አንድ መስመር አለመጻፉ ያሳዝነኛል። ይህን የምለው ግን የሴሊኒየም እንክብል ግዙ ለማለት አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ስለ ኑግ ዘይት የተባለው ግማሹ ልክ ነው። ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ብርሃንና ሙቀት ያፋጥኑታል፤ አንዱን ዘይት ለደጋግሞ መጥበሻ መጠቀም የሚኮነን ልማድ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን ከምድጃ ማራቅና በትንሽ በትንሹ መግዛት ይበጃል። ከዚህ ተነሥቶ «ከቤት አውጡት» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሊኖሌይክ አሲድ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ መገኘት ያለበት ፋቲ አሲድ ነው፤ ዘይቱም ከፍሬው ውስጥ የራሱን ቫይታሚን ኢ ይዞ ይመጣል። በየቤቱ የምናውቀው የሚረጋው የፓልም ዘይት በመደርደሪያ ላይ ብዙ ይቆያል፤ ግን ጮማ ስቡ የኤልዲኤል ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል። በመደርደሪያ ላይ አለመበላሸት ለሰውነት መበጀት ማለት ቢሆን ኖሮ ሞራ የሚመስለው አልነበረም።

ወደ ሰንጠረዡ እንለፍ። አክስቴን የማረካት እሱ ነው፤ ቁጥር ያሳምናል። ቁጥሮቹ በሐሰት የተጻፉ ናቸው አልልም፤ ጥያቄው ምን ለኩ የሚለው ነው። በላቦራቶሪ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ራዲካል የሚያመነጭ ኬሚካል ይጨመራል፤ ከዚያ የዱቄቱ ጭማቂ ይጨመርና ራዲካሉን ምን ያህል እንደሚያጠፋ ይለካል። በዚያ ብልቃጥ ውስጥ ሆድ የለም፣ አንጀት የለም፣ ጉበት የለም፣ አብዛኛውን ጊዜም ሽፋን የለም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለዓመታት በድረ ገጹ ያቆየውን እንዲህ ያለ የምግቦች ሰንጠረዥ በ2012 ያነሣው፣ ቁጥሮቹ በሰው አካል ውስጥ ካለው ውጤት ጋር እንደማይገናኙና ነጋዴዎች ለማስታወቂያ እንደሚጠቀሙባቸው ገልጾ ነው።

እዚህ ላይ እናቶቻችን ቅቤ የሚያነጥሩበት ድስት ከማንኛውም ላቦራቶሪ የተሻለ አስተማሪ ይመስለኛል። ቅቤው ቀልጦ አረፋው ሲነሣ ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ አብሹና እርዱ ይገባሉ፤ ውሃው ተንኖ፣ አጓቱ ከሥር ሲዘቅጥ ይጠለላል፤ እንዲህ የተነጠረ ቅቤ ለወራት ሳይሸት ይቀመጣል። ለዚህ የውሃውና የአጓቱ መወገድ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ከቅጠሎቹና ከቅመሞቹ ወደ ስቡ የሚሟሟው ፌኖል የሚባል የውሁዶች ወገንም ሰንሰለቱን በመበጠስ ያግዛል። አንቲኦክሲዳንት ማለት ይህ ነው፤ እዚያው ስቡ ውስጥ ሟሙቶ፣ በበቂ መጠን፣ ራዲካሉ ከሚፈጠርበት ጎን ይቀመጣል። አሁን ያንኑ እርድ ሰው ሲውጠው ምን እንደሚሆን እንከተል። ኩርኩሚን የሚባለው ቢጫው ውሁድ ከአንጀት በጣም ጥቂቱ ብቻ ያልፋል፤ ያለፈውንም የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ውሃ ወዳድ ነገር ለጥፈውበት ወደ ማስወገጃ ይልኩታል። በድስቱ ውስጥ ዘብ የቆመው ውሁድ ወደ ሕዋስ ሽፋን የሚደርሰው፣ ከደረሰ፣ መልኩን ቀይሮና ተመናምኖ ነው። ሰንጠረዡ የለካው ድስቱን ነው፤ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ሰው ነው። ሽፈራውና እርድ መብላት መጥፎ ነው እያልሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ የተባለውን ጥቅም በተባለው መንገድ አይሰጡም ማለቴ ነው። በዚሁ አጋጣሚ፣ ጽሑፉ በጨረፍታ «ከምግብ ጋር ሻይ ይጠጡ» ያለውን የደም ማነስ ያለባት ሴት እንዳትቀበለው እመክራለሁ፤ ራዲካል የሚያጠፉት የሻይ ፖሊፌኖሎች የእህልና የቅጠል ብረትን አንቀው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ።

ከሁሉ ከባዱ ጉዳይ ግን የእንክብሉ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ግምት በሰዎች ላይ ተሞክሯል። ጸሐፊው አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ፣ በደማቸውም ውስጥ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኢ በብዛት የሚገኝ ሰዎች ከሌሎች ያነሰ እንደሚታመሙ ይጠቅሳል። ልክ ነው፤ በ1980ዎቹ ተመራማሪዎቹም ያሰቡት እንዲሁ ነበር። ነገር ግን አትክልት የሚያዘወትር ሰው ብዙ ጊዜ አያጨስም፤ ይንቀሳቀሳል፤ ገቢውም የተሻለ ነው፤ አትክልቱም ከአንቲኦክሲዳንት ሌላ ብዙ ነገር አለው። ጥቅሙ የማን እንደሆነ የሚለየው ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን እንክብሉን፣ ለሌላው ባዶ ክኒን መስጠት ብቻ ነው።

ተሰጠም። በፊንላንድ ከ50 እስከ 69 ዓመት የሆኑ 29,133 ወንድ አጫሾች ከ5 እስከ 8 ዓመት ቤታ ካሮቲን፣ ወይም ቫይታሚን ኢ፣ ወይም ሁለቱን፣ ወይም ባዶ ክኒን ሲወስዱ ቆዩ። ውጤቱ በ1994 ሲታተም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጠው ተገኙ፤ ቫይታሚን ኢም የሳንባ ካንሰርን አልቀነሰም። አንዳንዶች በአጋጣሚ ነው ብለው ነበር። በአሜሪካ ግን 18,314 አጫሾች፣ አጫሽ የነበሩና ከአስቤስቶስ ጋር የሠሩ ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር ሲሰጥ የሳንባ ካንሰሩ በ28 በመቶ በመጨመሩ፣ በ1996 ከታቀደለት 21 ወር ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ስለ ልብ ደግሞ፣ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ9,500 በላይ ሰዎች በየቀኑ 400 አይዩ ቫይታሚን ኢ ለ4 ዓመት ተኩል ያህል ወስደው ለውጥ አለመገኘቱ በ2000 ታተመ። ጽሑፉ የሚመክረው መጠን ይኸው 400 አይዩ ነው። ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት የፕሮስቴት ካንሰር ሙከራም ያንኑ መጠን ሰጥቶ ነበር፤ በ2011 የወጣው ውጤት ቫይታሚን ኢ ብቻ የወሰዱት በፕሮስቴት ካንሰር የተያዙት በ17 በመቶ መብለጣቸውን አሳየ። በዚሁ ሙከራ ሴሊኒየምም ተሰጥቶ አልጠቀመም፤ ተሳታፊዎቹ መጀመሪያውኑ ሴሊኒየም ያልጎደላቸው ነበሩና። ስለ አፈራችን ስናገር እንክብል አልመክርም ያልሁት ለዚህ ነው፤ የጎደለውን መሙላትና በሞላው ላይ መደረብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጸሐፊው በዚህ ላይ «ታዲያ እንክብሉ ለማንም አይጠቅምም?» ቢለኝ፣ ይጠቅማል እለዋለሁ። ቫይታሚን ኢን ወደ ደም የሚያስገባው የጉበት ፕሮቲን በዘር የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ፤ ነርቮቻቸው እየተጎዱ አካሄዳቸው ይንገዳገዳል፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ የሕመሙን ግስጋሴ ይገታል። ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን (ሬቲና) መሐሉ የሚደክምበት የእርጅና ሕመም መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰባቸው ሰዎችም ቫይታሚን ሲን፣ ኢን፣ ቤታ ካሮቲንንና ዚንክን ያጣመረ እንክብል ሲወስዱ፣ ሕመሙ ወደ ከፋው ደረጃ የመሸጋገር ዕድሉ በ25 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ በ2001 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ አረጋግጧል፤ በኋላ ለአጫሾች ደኅንነት ሲባል ቤታ ካሮቲኑ በሉቲንና በዚያዛንቲን ተተክቷል። በእነዚህ ሁሉ እጥረቱ ወይም ሕመሙ ታውቆ ነው የሚሰጠው፤ ጽሑፉ ግን የሚመክረው ላነበበው ሁሉ ነው።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ ቢበዛ አይጎዳም» የሚለውን ከላይ ያሉት ሙከራዎች መልሰውታል፤ እኔ የምጨምረው ባለፈው ሳምንት ከመስኮቴ ፊት የቆመችውን ሴት ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ትመስላለች። በልጅነቷ የያዛት የቁርጥማት ትኩሳት ልቧን ጎድቶት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጥሞላታል፤ ደሟ እንዳይረጋ በየቀኑ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ አወጣችና «ዶክተር፣ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ነው፤ ለልብ ጥሩ ነው ብላ። ከዚያኛው ጋር ልውሰደው?» አለችኝ። ጽሑፉንም በስልኳ አሳየችኝ።

ጠርሙሱ ላይ 400 አይዩ ይላል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም ነው፤ አንዱ እንክብል፣ ከተክል የተወሰደ ወይም በፋብሪካ የተሠራ እንደመሆኑ፣ ከዚህ 18 ወይም 12 እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚህ መጠን ቫይታሚን ኢ ለደም መርጋት የሚያስፈልገውን የቫይታሚን ኬን ሥራ ያውካል፤ ዋርፋሪንም የሚሠራው ያንኑ ቫይታሚን ኬን በመግታት ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ የመድማት አደጋ ይጨምራል። «እህቴ፣ ይህን አትጀምሪው፤ የደም መርጋት ምርመራሽ መቼ ነው?» አልኋት። «ገና ሁለት ሳምንት አለው» አለች። ክትትል የሚያደርግላትን ሐኪም ሳታማክር ምንም እንዳትጨምር ነግሬያት፣ ጠርሙሱን ይዛ ልትመለስ ስትል «ለሌላ ሰውስ ልስጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። አብረን በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብነው።

በጠርሙሱ ጀርባ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈው ስም «ቶኮፌሪል አሲቴት» ነበር። አሲቴት የተባለው ክፍል የተለጠፈው ለራዲካሉ የሚሰጠው ሃይድሮጅን ባለበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ እንክብሉ በጠርሙስ ውስጥ ሳለ አንቲኦክሲዳንት አይደለም። ፋብሪካው እንዲህ የሚያደርገው ቫይታሚን ኢ እንደ ኑግ ዘይቱ በመደርደሪያ ላይ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ እንዳይበላሽ ነው። ማሰሪያውን የሚፈቱት አንጀት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ምን ያህሉ ወደ ሽፋኑ እንደሚገባ የሚወስነው ጉበት ነው።